ሁለት ራስ ያለው ደብዳቤ

በገዳሪፍ ገበያ ሁለት ራስ ያለው ወረቀት የነበረን እኛ ብቻ ነበርን። የነጋዴው ስምና ምልክት ከላይ የታተመበትን ወረቀት እዚያ አገር «ሙረወስ» ይሉታል፤ ራስ ያለው ማለት ነው። ራስ በእነሱም በእኛም ራስ ስለሆነ ቃሉን ለመልመድ አልተቸገርኩም። የተቸገርኩት፣ ለሌላው ነጋዴ ሁሉ አንድ ራስ ሲበቃው ለእኛ ለምን እንደማይበቃን ማስረዳቱ ላይ ነው።

ሁለቱ ራሶች እኔና ሸሪኬ ነን። እኔ በርበሬና ሽሮ አዘጋጃለሁ። እሷ ደኳ ትሠራለች፤ ደኳ ተቆልቶ እንደ ቅቤ እስኪላላ የተፈጨ ለውዝ ነው። ወይካም ታሰናዳለች፤ ደርቆ የተወቀጠ ባሚያ ማለት ነው፣ የሱዳን ድስት ያለ እሱ አይጣድም። እሷ መተማ ከሙስሊም ነጋዴ ቤት ተወልዳ ገና በልጅነቷ ወደ ሱዳን ተሻግራለች። ቁርዓን ቤት ስለተማረች ዓረብኛ ጠንቅቃ ታነባለች። አማርኛውን ከእኔ አሳምራ ትናገራለች፤ ፊደሉን ግን አንዲቱንም አታውቅም። እኔ ደግሞ በስደት ከመውጣቴ በፊት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬአለሁ። ዓረብኛ ከገበያው ለምጄ እንደ ውኃ እናገራለሁ፤ ጽሑፉ ግን ለእኔ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት መንገድ ነው። እንግዲህ እሷ የእኔን አታነብም፣ እኔ የእሷን አላነብም። አንድ ሱቅ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት የኖርነው በመተማመን ነው፤ ከመተማመንም በላይ በመጨቃጨቅ ነው።

ወረቀቱን ያሠራነው ሱቁን ከከፈትን ጥቂት ቆይተን ነው። ማተሚያ ቤቱ ከእህል ገበያው ጀርባ ነበር። አታሚው ሲያዩት ታጋሽ የሚመስል፣ ሲያናግሩት ግን ቶሎ የሚፈላ ሰው ነው።

«የማን ስም ነው ከላይ የሚሆነው?» አለን።

«የሁለታችንም» አልኩት።

«ያ ሐጃ፣ አንዱ ከላይ ይሆናል፣ አንዱ ከታች። ዓለም እንዲህ ናት።»

«ዓለም እንዲያ ከሆነች ተሳስታለች። አንተ ዓለምን ተዋትና ወረቀት አትም።»

ጎን ለጎን ይሁን ስንለው ደግሞ «ጎን ለጎንም ቢሆን አንዱ ይቀድማል፣ ዓይን ከሆነ ቦታ መጀመሩ አይቀርም» ብሎ ተከራከረ። ሸሪኬ እስከዚያ ድረስ የተቆለሉትን የሠርግ ጥሪ ወረቀቶች እያገላበጠች ታይ ነበር። ቀና ብላ፣

«አንቺ ስታነቢ ከየት ነው የምትጀምሪው?» አለችኝ።

«ከግራ ነዋ። ከየት ልጀምር?»

«እኔ ከቀኝ ነው የምጀምረው» አለች።

አታሚው መጀመሪያ አልገባውም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝና ሳቄ አመለጠኝ። የእሷ ስም በዓረብኛ ከቀኝ ጫፍ፣ የእኔ በአማርኛ ከግራ ጫፍ፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ቁመት። ዓረብኛ የሚያነብ ሰው ወረቀቱን ሲያነሳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አማርኛ የሚያነብ ሲያነሳው እኔ ላይ ነው። ሁለታችንም አንደኛ፣ ማንም ሁለተኛ አይደለም። መሀሉ ላይ ሁለት ዘነዘና የቆመበት ሙቀጫ ተሳለ፤ ከሥሩ የሱቁ ስም በሁለቱም ፊደል ተጻፈ። አታሚው አንደኛውን ዘነዘና ከፍ፣ ሁለተኛውን ዝቅ አድርጎ ስሎት ነበር፤ እኩል አድርግ አልኩት።

«ሁለት ሰው ሲወቅጥ አንዱ ሲነሳ አንዱ ይወርዳል እኮ! ወቅጠሽ አታውቂም እንዴ?» አለኝ።

«አንተ ከመወለድህ በፊት ወቅጫለሁ። እኩል አድርግ።»

እኩል አደረገው። ሸሪኬ «በዚህ ሥዕልማ እህል አይወቀጥም፣ ሙቀጫው ነው የሚሰበረው» ብላ እስከ ሱቃችን ድረስ ስትስቅብኝ ሄደች። ይሳቅ፤ እኩል ነው።

ያ ወረቀት ብዙ ዘመን አገለገለን። ካርቱም ውስጥ ትልቅ ሱቅ ያለው ነጋዴ ደንበኛችን ነበር፤ የምንልክለትን ዕቃ በዚያ ወረቀት ላይ እንጽፍና ለአውቶቡስ ሹፌር እንሰጣለን። የዓረብኛውን ሸሪኬ ትጽፋለች፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ የምናገረውን ግማሹን ትተዋለች።

ሞባይል በየሰው እጅ ከገባ በኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው። የካርቱሙ ነጋዴ አንድ ቀን ደውሎ ከእንግዲህ በአውቶቡስ የመጣ ወረቀት አልቀበልም፣ ሁሉም ነገር በኢሜይል ይሁን አለ። «ግን ኢሜይሉም እንደ ወረቀታችሁ ይሁን፤ የምትጽፉልኝ እናንተ መሆናችሁን ጸሐፊዬ በምን ያውቃል? አዲስ ልጅ ነው፣ እናንተን አያውቅም።» የምንኖርበት ሥራ ግማሹ ከእሱ የሚመጣ ስለነበር እሺ አልነው።

ኢሜይሉን የሠራችልን የልጄ ልጅ ናት። ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች፣ ኮምፒውተር ተምራ በአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ባለ ኢንተርኔት ቤት የምትሠራ ትልቅ ሴት ነበረች። እኔን እንደ አገሬው «ሐቦባ» ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። ሸሪኬን «ኻልቲ» ትላታለች፣ አክስቴ ለማለት። ስትናደድ ዓረብኛ ነው የሚቀናት፤ ስታባብለኝ ወደ አማርኛ ትመለሳለች።

ወረቀታችንን ከማሽኑ አጠገብ ዘርግታ እሱን እያየች ራስጌውን ስትሠራ ዋለች። ለበርበሬ ብለን የመረጥነው ቀይ ስክሪኑ ላይ የሕፃን ሹራብ መሰለ።

«ይህ በርበሬ ነው ወይስ ከረሜላ?» አልኳት።

«ሐቦባ፣ ስክሪኑ ነው እንዲህ የሚያሳየው።»

«ስክሪኑ በርበሬ በልቶ አያውቅማ። አጥቁሪው።»

አጠቆረችው። የከበደው ቀለሙ አልነበረም። የእኔንና የሸሪኬን ስም በአንድ መስመር ላይ ለመጻፍ ስትሞክር፣ አማርኛው ወደ አንድ ወገን፣ ዓረብኛው ወደ ሌላ ወገን እየጎተተው መስመሩ እንደ ሁለት አህያ ገመድ ተጠላለፈ። የዓረብኛው ፊደል ተበጣጥሶ ተቀመጠ። ብዙ ከታገለች በኋላ የእኔን ስም ከላይ፣ የሸሪኬን ከሥሩ አደረገችው።

«ይህ ልክ አይደለም» አልኩ።

«ለዛሬ ብቻ ይሁን፣ ወላሂ አስተካክለዋለሁ። ሰውየው እየጠበቀ ነው።»

ኢሜይሉን እንዳለ በወረቀት አትማ አሳየችን። ሸሪኬ ወረቀቱን ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ከስሟ በላይ የተጻፈውን ደግማ ደጋግማ አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ፣ እንደገና አነበበች።

«ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

«ይሁን» አለች።

እሷ «ይሁን» ካለች ብዬ ተውኩት። ኢሜይሉ ተላከ።

መልሱ ሲመጣ ሦስታችንም ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ነበርን። የልጄ ልጅ በዓረብኛ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረችና መሀል ላይ ዝም አለች።

«ምን አቆመሽ?» አልኳት።

«ምንም፣ ሐቦባ። ሰላምታ ነው።»

ሸሪኬ መነጽሯን አድርጋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለችና ራሷ አነበበችው። «ለባለቤቷ ለሐጃ» ይልና የእኔን ስም ይጠራል። በዚያ ገበያ ለአሮጊት ሁሉ ሐጃ ነው የሚባለው፣ ክርስቲያን ብሆንም ለምጄዋለሁ። ቀጥሎ «ለረዳትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ» ይላል።

«ሙሳዒዳ» አለች ሸሪኬ ቃሉን ቀስ አድርጋ። «ረዳት።»

ከዚያ በታች ደግሞ ጸሐፊው ጥያቄ ነበረው። የእኔ የአማርኛ ፊደል ካርቱም ሲደርስ በሰውየው ማሽን ላይ ባዶ ባዶ ሳጥን ሆኖ ኖሯል። «ከላይ የሳላችኋቸው ካርቶኖች ስንት ስንት ኪሎ ይይዛሉ?» ብሎ ጠየቀ። የልጄ ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ጠረጴዛው ላይ ተደፋች። እኔም በሌላ ቀን ብሆን እስቅ ነበር። ሸሪኬ ግን አልሳቀችም። የተከናነበችውን ቶቧን አስተካክላ፣ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ፣ ወጣች።

በማግስቱ ሀዋታ እኅቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ሀዋታ ከእኛ ወደ ራሀድ ወንዝ በኩል ያለ የእርሻ ከተማ ነው፤ ባሚያውን ድሮም ከዚያ ነው የምታስመጣው።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«እንጃ። ወይካው እዚያው ቢዘጋጅ ይሻላል። ደኳውንም እዚያው እፈጭና ለብቻዬ እሸጣለሁ። አንቺ ደግሞ ረዳት አታጪም።»

«እኔ ነኝ ረዳት ያልኩሽ? ያ የካርቱም ልጅ አይደል?»

«ልጁማ ያየውን ነው የጻፈው» አለችና ባለ ሦስት እግር ሪክሻ አስቁማ ሄደች።

ሱቁ ለሁለት ሊከፈል ነው ማለት ነው። መንግሥት ቤት ሄዶ የዓረብኛ ወረቀት የሚያነብ እሷ ናት፤ ከድንበሩ ማዶ ከመጣ ነጋዴ ጋር በአማርኛ ጽፎ የሚዋዋል እኔ ነኝ። ያም ቢሆን በሌላ ሰው ይተካ ይሆናል። በማንም የማይተካው፣ ጠዋት ሱቅ ስከፍት የበርበሬዬን ቀለም አይታ «ዛሬ ደግሞ ምን አሳረረሽ?» የሚለኝ ሰው ነው። ያን ሰሞን ደንበኛው ሁሉ «በርበሬሽ ግሩም ነው» ሲለኝ ሊያስታምመኝ የመጣ መሰለኝ።

የልጄን ልጅ ጠርቼ፣ የእሷን ከላይ፣ የእኔን ከታች አድርጊና ላኪ አልኳት። ላከችው። ከዚያ ሀዋታ ደወልኩ።

«ገለበጥኩት» አልኳት። «አሁን አንቺ ከላይ ነሽ።»

«ውለታ መሆኑ ነው?»

«ምን ውለታ! ፍርድ ነው።»

«አይደለም፣ እቴ። ዛሬ ስላዘንሽልኝ ብታወጪኝ ነገ ስትቆጪ ታወርጂኛለሽ። የእኔ ቦታ ከአንቺ ሆድ የሚወጣና የሚገባ አይደለም። ደግሞስ አንቺ ከታች ስትሆኚ ምን ይባላል? ረዳቷ አንቺ ትሆኛለሽ። ያም ልክ አይደለም።»

እውነቷን ነበር። እውነቷን በመሆኑ ይበልጥ ተናደድኩ። የካርቱሙ ጸሐፊ ደግሞ «ሱቁ ተሸጠ እንዴ? ባለቤቷ ተለወጠች?» ብሎ ጻፈልን። ካርቶኖቹ ለምን ወደ ታች እንደ ወረዱም ጠይቋል።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ የልጄ ልጅ ፊት ቁጭ አልኩ።

«ወረቀቱን ራሱን ለምን አትልኪውም?» አልኳት።

«ወረቀት በኢሜይል አይሄድማ፣ ሐቦባ።»

«ፎቶ ይሄዳል አይደል? የጓደኞችሽን ሠርግ ስትላላኩ አይቻለሁ። ፊደል መጻፉን ተይውና የወረቀቱን ራስ እንደ ሙሽራ ፎቶ አንሺው።»

ትንሽ አሰበች። «ይቻላል። ግን ይከብዳል።»

«ወረቀት ምኑ ይከብዳል?»

ሳቀች። ፎቶ በኢንተርኔት ሲሄድ እንደ ጭነት ነው፣ መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ከሆነ ካርቱም እስኪደርስ ያረጃል አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ የሥራ መልክ መጣ። ወረቀቱን ስካነር በሚሉት መስታወት ላይ በግንባሩ ደፋችው፤ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እውነትም የእኛው ወረቀት ነው፣ ከሙቀጫው ሥር ያለችው የቀለም ጠብታ እንኳ አልቀረችም። ጠብታዋን አጠፋችልኝ። ቀለሙን አሳነሰችና ሸክሙን አቀለለችው። ከራስጌው በታች ባዶውን ነጭ ትታ የዓረብኛው ጽሑፍ ከቀኝ እንዲጀምር አደረገች። ከግርጌው በወረቀታችን ቀይ ቀጭን መስመር አሰመረች፤ እሷን እኔ አላዘዝኳትም፣ የራሷ ውበት ናት። ከግራ እኔ፣ ከቀኝ ሸሪኬ፣ በአንድ ቁመት። ሳጥን የሚባል የለም፤ ፎቶ ነውና ማንም ማሽን ፊደሌን ሊበላው አይችልም።

«ኸላስ፣ አለቀ፤ ልላከው?» አለች።

«እሷ ሳታየው አይላክም።»

«ደውለሽ ንገሪያታ!»

«በጆሮዋ ልታይ ነው? ለራሳችን ላኪውና አትሚልኝ።»

ለራሳችን አድራሻ ልካ፣ የደረሰውን አትማ ሰጠችኝ። ወረቀቱን በካርቶን መሀል አድርጌ በማግስቱ የሀዋታን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሰሊጡ ነዶ ራስ ለራስ ተደጋግፎ ቆሞ ይደርቃል። ከድንበሩ ማዶ የመጡ አጫጆች በጭነት መኪና ላይ ሆነው እየዘፈኑ ያልፉናል። ሹፌሩ ካርቶኑን አይቶ «ሐጃ፣ የቤት ካርታ ነው?» አለኝ። «ከቤት ይበልጣል፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት። ቀስ ብሎ አልነዳም።

ሸሪኬን ያገኘኋት በእኅቷ ግቢ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጣ ከሴቶች ጋር ባሚያ ስትከትፍ ነው። ተነሥታ ትከሻዬን በእጇ ነክታ፣ ጤናሽ፣ ልጆችሽ፣ ጉልበትሽ እያለች በሥርዓቱ ሰላም አለችኝ። ሰላምታዋ አልጎደለም፤ ዓይኗ ግን አልመጣም። ሻይ አስቀዳችልኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ጭኗ ላይ አደረግሁት።

መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ከቀኝ ጀመረች። ስሟን ነካች። በሙቀጫው ላይ አልፋ የእኔ ፊደል ድረስ ሄደች፣ በጣቷ ስንዝር የሁለቱን ቁመት ለካች። ፊቷ ሊፈታ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ጣቷ ከራስጌውም በላይ፣ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ወዳለች ደቃቅ መስመር ወጣና ቆመ። ፊቷ እንደገና ተዘጋ።

«ይቺስ?» አለችኝ።

«የቷ?»

«ይቺ። አሁንም አላነሳሻትም።»

«ምን ትላለች?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ትቀልጂብኛለሽ? የላኪው ስም ናት። ላኪ ይልና ያንቺን ስም ነው የሚጽፈው፤ ያንቺን ብቻ። ያን ጊዜም ነበረች። ሰውየው ገና ደብዳቤውን ሳይከፍት የሚያየው ይቺን ነው።»

«በምን ፊደል ነው የተጻፈችው?»

«በዓረብኛ ነዋ!»

«እና እኔ በምን ላንብባት?»

አፏን ከፍታ አየችኝ። ባሚያ የሚከትፉት ሴቶች ቢላቸውን አቆሙ።

«ስምሽ እኮ ነው!» አለች። «የራስሽን ስም?»

«ስሜ አማርኛ ነው። ያን የጉንዳን መንገድ ማን ስሜ ነው ብሎ ነገረኝ? ምን መስሎሽ ነበር?»

«ያዘዝሻት መስሎኝ ነዋ። ወረቀቱን ሰጥተሽኝ ምን ይመስልሻል ስትዪኝ፣ ስምሽን አስጽፈሽ እያሳየሽኝ መስሎኝ። ከላይና ከታች ማድረጉንማ ልጅቷ አስተካክላለሁ ብላለች፣ እሱን ሰምቻለሁ። ይቺን ግን አንቺም ዝም፣ እሷም ዝም።»

«ታዲያ ለምን አትጮሂብኝም?»

«ስትኮሪ አየሁሽ!»

«ያኮራኝ ቀዩ ቀለም ነው! ከከረሜላ አውጥቼ በርበሬ ያደረግሁት!»

እኅቷ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እነዚያ ሴቶች አማርኛውን ሳይሰሙ በእኅቷ ሳቅ ሳቁ። ሸሪኬ ልትቆጣ ሞክራ አልሆነላትም፤ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በቶቧ ጫፍ ጠረገች። «ይህን ያህል ዓመት አብረን ኖረን ስምሽን በዓረብኛ አታውቂውም?» አለች። ስሟ በአማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። «እሱን ተይው» አለች።

እዚያው ሰሌኑ ላይ ተቀምጬ ለልጄ ልጅ ደወልኩ።

«የላኪው ስም ላይ ማንን ነው የጻፍሽው?»

«አንቺን ነዋ፣ ሐቦባ። ማሽኑ አንድ ስም አምጪ ይላል።»

«ማሽኑ የማን አያት ስም አምጪ አለሽ?»

«ማዓሌሽ» አለች፣ ይቅርታ መሆኑ ነው። «የሱቁን ስም ላድርገው?»

ሸሪኬ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። «የሱቁን አድርጊ። ኢሜይሉ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፤» አለችና በዓረብኛ ታስጽፋት ጀመር። ሰላምታውን አሳምራ፣ የወይካውን ዓይነት ዘረዘረች። እኔ ከጎን ሆኜ «ረዳት የለንም በይው» አልኳት።

«ቀስ በይ፣ በጨዋ ደንብ ነው የሚነገረው።»

«በጨዋ ደንብ ረዳት የለንም በይው!»

አለችው። ባለቤቶቹ ሁለት ነን፣ ራስጌው ላይ በቀኝና በግራ ያለነው እኛ ነን፣ የምታየውም ካርቶን ሳይሆን የሐበሻ ፊደል ነው ብላ አስጻፈች። ኢሜይሉ ተላከ። መልሱ እስኪመጣ የቀረውን ባሚያ አብሬአቸው ከተፍኩ፤ ሸሪኬ አከታተፌ ወፍራም ነው ብላ የከተፍኩትን ሁሉ ደግማ ከተፈችው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የልጄ ልጅ ደወለች። ስልኩን ሁለታችንም እንድንሰማው አደረግነውና መልሱን አነበበችልን። ጸሐፊው ደብዳቤውን የጀመረው «ኢለል ሐጀተይን» ብሎ ነው። ሸሪኬ ቃሉን ስትሰማ ጉልበቴን በመዳፏ መታችው።

«ይህ የመጽሐፍ ዓረብኛ ገበያችን የለም፤ ምን አለ?» አልኳት።

«ለሁለቱ ሐጃዎች ማለቱ ነው። ግን በዓረብኛ አንድ ቃል ነው፤ ሁለት ሰው በአንድ ቃል። የቷ ቀደመች፣ የቷ ኋላ ቀረች የለበትም።»

«እንዲህ ያለ ቃል እያላችሁ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ያስለፋችሁኝ?»

«አንቺ መች ጠየቅሽን? ከማሽን ጋር ትጣያለሽ እንጂ!»

ጸሐፊው ወይካውንም በርበሬውንም እንፈልጋለን፣ ቶሎ ላኩ ብሏል። ፊደላችሁ ያምራል፣ ለአለቃዬም አሳየሁት ብሎ ጨምሯል። ያን ጊዜ ነው ሸሪኬ ተነሥታ እኅቷን ጆንያ አምጪልኝ ያለቻት።

«ለዚህ ልጅ ጥሩውን ወይካ ነው የምንልክለት» አለች።

«ለብቻሽ ትሸጪው የለም እንዴ?»

«ለብቻዬማ ብሸጥ በርበሬሽን ማን ይነቅፍልሻል? ሰዉ ሁሉ ግሩም ነው እያለ ያበላሽሻል።»

«ያሉኝ እውነት ነው።»

«ባለፈው የፈጨሽው ኮረሪማው በዝቶበታል።»

«አልበዛበትም!»

«በዝቶበታል። ሱቅ ስንገባ አቀምስሻለሁ» አለችና የጆንያውን አፍ እንድይዝላት አዘዘችኝ። ያዝኩላት። የማለዳው ሚኒባስ ከሞላ በጭነት መኪናም ቢሆን እንሄዳለን ብላ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያዎቹ ከፊት ይሁኑ ከኋላ እያለች እስኪመሽ ስትጨቀጭቀኝ አመሸች።